የማክሰኞ ተራ

የውሃው ዳኛ ሬሳ የተገኘው ረቡዕ ማለዳ፣ በጥጃው መስክ በር ላይ ነው። ወሬው ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርስ የዕለቱ ተረኞች ውሃ መቅዳት ጀምረው ነበር፤ አንዳቸውም ባልዲውን አላስቀመጡም። «ሬሳ ይቆያል፤ ከብት አይቆይም» አለ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፣ ገመዱንም መሳቡን ቀጠለ። ይህን ሰምቶ «ምን ዓይነት አረመኔዎች ናቸው» የሚል ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ቧንቧ ያለው ሰው ነው።

በዚያ ሜዳ ጉድጓዱ አንድ ነው፤ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ለብቻው ተቀምጧል። በዙሪያው ሳር የሚባል የለም፤ ሰኮና ረግጦት አመድ ሆኗል። ሳሩ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ስለዚህ ከብቱ አንድ ቀን ይሄዳል፣ አንድ ቀን ይግጣል፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይጠጣል። ቅዳሜ የጠጣ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ የጠጣ ዓርብ። ይህን ያወጀ ባለሥልጣን የለም፤ ያወጀው መሬቱ ነው። መሬቱ ያወጀውን የሚያስፈጽሙት ደግሞ ዳኛው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም፣ ለገዛ ሥጋቸውም ቢሆን፣ አንድ ባልዲ ሳያዳሉ ኖረዋል። ሲሞቱ ያለቀሰላቸው ሰው አንድ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው፤ እሷም ልጃቸው ናት።

መርማሪዋን ከከተማ ያስጠራችው ይህችው ልጅ ነበረች። መርማሪዋ አሥራ ሁለት ዓመት የከብት ሌባ ስታሳድድ የኖረች፣ ሰው ስታናግር ከዓይኑ ይልቅ እጁን የምታይ ቀጭን ሴት ነበረች። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ስትደርስ የጣቢያው አዛዥ ጥላ ሥር ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«ባይደክሙ ይሻል ነበር፣ ኢንስፔክተር» አላት። «ኮርማ ወግቷቸው ነው። ቀንዱ ላይ ደም አለ። እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ።»

«ኮርማው የታለ?»

በአገጩ አሳያት። ጎኑ የሰረጎደ ሽማግሌ ኮርማ በአጥሩ እሾህ መካከል ምላሱን አሾልኮ አንድ ጥጃ ይልሳል። ወደ ሩቁ ሳር መሄድ ካቃተው ሁለት ዓመት ስላለፈው ከአጥሩ ውጭ ጥጃዎቹ አጠገብ ይውላል አሏት።

«ይሄ?» አለች መርማሪዋ። «ዝንብ ማባረር ያቃተው ይሄ ነው ሰው የገደለው?»

ሬሳው በደረቱ ተደፍቷል። የጭንቅላቱ የኋላ አጥንት በቀጥታ መስመር ተሰብሯል፤ ቀንድ ቀዳዳ እንጂ መስመር አያወጣም። በኮርማው አንድ ቀንድ ጫፍ ላይ ደም ነበር፤ ግንባሩ ግን ንጹሕ ነው፤ ጠጉሩ አንድ ጠብታ አልነካውም። በሩ የተሠራው በሁለት ቋሚዎች ቀዳዳ ውስጥ በሚገቡ ሦስት አግዳሚ እንጨቶች ነው። ሦስቱም በየቦታቸው ነበሩ። መርማሪዋ አንድ በአንድ መዘዘቻቸው። የመካከለኛው ጫፍ ከቋሚው ቀዳዳ ሲወጣ ደም ነበረበት፤ በደሙም ላይ ሦስት ሽበት ተጣብቋል።

«እንግዲህ እንዲህ ብለህ ጨምርበት፣ አዛዥ» አለች። «ኮርማው ሰውዬውን በእንጨት ፈነከታቸው። ከዚያ በሩን ዘጋ፤ እንጨቱንም ወደ ቦታው መለሰ።»

ወደ መስኩ ገባች። ያ መስክ በመንደሩ አጠገብ የቀረው ብቸኛ ሳር ነው፤ ለጥጃዎች ብቻ ስለታጠረ ትልቅ ከብት እንዲገባበት አይፈቀድም። ሳሩ ግን በሰፊው ተግጧል፤ እዚህም እዚያም ጥጃ የማይጥለው የሚያህል እበት ተቆልሏል። በዱላ ስትነካው ላዩም ውስጡም ደረቅ፣ ድርብርብ፣ እንደ ተጨመቀ አፈር ነው። የአንድ ቀን ፀሐይ እንዲህ አያደርቅም፤ ከሆድ የወጣው እንዲሁ ሆኖ ነው። ስለዚህ ነገር ለማንም አልተናገረችም።

ስለ እንጨቱ ግን አዛዡ አወራ፤ አዛዥ ደግሞ ሲያወራ መንደር ይሰማል። እኩለ ቀን ሳይሆን የዳኛው አማች ከጉድጓዱ ምሰሶ ጋር ታስሮ ተገኘ። የአሳሪዎቹ ማስረጃ ሰኞ ዕለት በሰው ሁሉ ፊት የተናገረው ቃል ነበር፤ «እርስዎ ካልሞቱ እዚህ ሜዳ ላይ ውሃ የሚጠጣ የለም» ብሎ ነበር ለአማቱ። ገመዱን ቋጥሮ ያጠበቀው የዳኛው ታናሽ ወንድም ነው። አዛዡም ፀሐይ ስትጠልቅ ይዞት እንደሚሄድ አስታወቀ። ወደዚያ ጣቢያ ገብቶ ጥፋቱን ሳያምን የወጣ ሰው የለም፤ አዛዡ ይህን እንደ ሙያ ይቆጥረዋል።

«የአባቴን ሬሳ ሳልቀብር ባሌን ሊወስዱብኝ ነው» አለቻት ልጅቱ ለመርማሪዋ። አላለቀሰችም፤ እንባዋ ጠዋት አልቋል። «እስከ ማታ ድረስ ነው ያለዎት።»

መርማሪዋ መጀመሪያ የታሰረውን ሰው አናገረች። አማቹ ሁለት ምርጥ ዝርያ ላሞች አሉት፤ መሥሪያ ቤት በብድር የሰጠው ናቸው። ከላሞቹ ጋር አንድ ወረቀት ተሰጥቶታል፤ «ንጹሕ ውሃ ቀኑን ሙሉ ሳይቋረጥ ይቅረብላቸው» ይላል። ወረቀቱን የጻፈው ምሁር ይህን ሜዳ ረግጦ አያውቅም፤ ቢረግጠው ኖሮ ራሱ ውሃ ለምኖ በተመለሰ ነበር። ላሞቹ በየቀኑ ካልጠጡ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ሳር ወዳለበት መሄድ አይችሉም፤ ሳር ስለማያገኙ ድርቆሽ በሸክም ይመጣላቸዋል። ወተታቸው የሚበቃው ድርቆሹን ለሚሸከመው ሰው ጉሮሮ ብቻ ነው። አማቹ ለሁለቱ የዕለት ውሃ ጠይቆ ነበር፤ ዳኛው ከለከሉት፤ ስለዚህ ለቤቱ መጠጥ ከሚቀዳው እየቀነሰ በየቀኑ ያጠጣቸዋል።

«ትናንት የት ዋልክ?» አለችው።

«ድርቆሽ ስሸከም። ብቻዬን። ያየኝ የለም።» አለ። «ሰኞ ያልኩትን ብያለሁ። ተናድጄ ነው።»

መርማሪዋ በረቱን አየች። የሁለቱ ላሞች እበት ለስላሳ ነበር፤ መሬቱ ላይ ሲወድቅ ይፈሳል። ጥቂት አይታ ወጣች።

ሁለተኛው ሰው የከብት ሐኪም ረዳት ነበር፤ በአንድ ሰው በረት ውስጥ ጥጃ ሲያክም አገኘችው፤ መንደሩ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም አያርማቸውም። ምርጥ ዝርያ ላሞቹን ያመጣው እሱ ነው፤ ዳኛውም ስለ ላሞቹ በሽማግሌዎች ፊት «መርፌ የያዘ ነጋዴ» ብለው አዋርደውታል። ማክሰኞ ሌላ መንደር ላም ሲያዋልድ እንደዋለ ነገራት። ወጥታ ስትሄድ የበረቱ በር ክፍት መሆኑን አይታ ማን እንደከፈተው ጠየቀች። የበረቱ ባለቤት ሳቀ። «ዶክተራችን በር መዝጋት አልተማረም» አላት፤ «በገባበት ሁሉ ከብት ስንፈልግ እንውላለን።»

ሦስተኛው የዳኛው ታናሽ ወንድም ነበር። ዝምተኛ፣ ትከሻው የተጠጋጋ፣ ሃያ ሁለት ከብት ያለው ሰው። ማክሰኞ ተራው የእሱ ነበር፤ የመጨረሻው ተረኛ። ሌሎቹ ሦስት ቤቶች ከረፋድ በፊት አጠጥተው ሄደዋል። መንገድ ላይ ወንድሙን እንዳገኛቸው፣ እሳቸው የጥጃውን ሳር ልይ ብለው እንደሄዱ፣ እሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ብቻውን ሲያጠጣ እንደዋለና ጉድጓዱን ከድኖ እንደተመለሰ ተናገረ። ከበረቱ የሚመጣው ጩኸት ንግግሩን ሁለት ጊዜ አቋረጠው።

«ምን ሆነው ነው የሚያጓሩት?»

«ከብትም ጌታውን ያለቅሳል፣ እመቤቴ» አለ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ወንድም ጋሼን ያውቋቸዋል።»

መርማሪዋ የሚጠጣ ነገር ለመነች። የሰውዬው ሚስት አፍራ በጣሳ ውሃ አመጣችላት። «ወተት በሰጠሁሽ ነበር፣ ልጄ፤ ዛሬ ግን ጡታቸው ባዶ ነው። ትናንትም እምብዛም አልነበረም፣ ዛሬ ጭራሽ ጠፋ» አለቻት። ባልየው ሚስቱን አየት አደረጋት። ሴትዮዋ ምን እንዳጠፋች አልገባትም።

የቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነበር። የረቡዕ ተረኞች ሥራቸውን ሊጨርሱ ተቃርበው ይሳሳቃሉ። ሁልጊዜ ሁለት መቶ ባልዲ ሲሞላ ጭቃ እንደሚወጣ፣ ዛሬ ግን ሁለት መቶ ስልሳ ደርሰው ገና ጥሩ ውሃ እንደሆነ ነገሯት። «ጉድጓዱም ደስ ብሎታል» አለ ጠዋት ገመዱን ያልለቀቀው ሽማግሌ፤ «ሠላሳ ዓመት ታስሮ ኖሮ ዛሬ ተፈታ።» ሌሎቹ በሳቅ ወደቁ። የሞቱት ሰው ሬሳ በዚያች ሰዓት ከነደሙ በቃሬዛ ላይ ነበር።

መርማሪዋ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ገንዳው እንዲሞላ፣ የገንዳው የእሾህ አጥር ግን እንዲዘጋ አዘዘች። ከማክሰኞ ተረኞች የሁለት ቤት ከብት ይምጣ አለች፤ የአንዲት ባልቴት ዘጠኝ ከብትና የታናሽየው ሃያ ሁለት። በዕለቱ ግርግር ገና ወደ ሳሩ አልተነዱም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ጉድጓዱ ዘንድ ተሰብስቧል። አማቹ ምሰሶው ላይ እንደታሰረ ነው፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች። ሐኪም ተብዬው ሞተር ብስክሌቱን ተደግፏል። ታናሽየውና ሚስቱ ከከብቶቻቸው ፊት ቆመዋል። አጥሩ ለጊዜው ተከፍቶ የባልቴቲቱ ከብቶች ቀድመው ገቡ። ገንዳውን አሸተቱ፤ ሁለቱ አንድ ሁለቴ ጎንጨት አሉና ሁሉም ወጡ፣ እያመነዠኩ።

የታናሽየው ከብቶች ውሃው ሲሸታቸው ሮጡ። አጥሩ ተዘግቶባቸው እሾሁ ላይ ተደረደሩ።

«ክፈቱላቸዋ» አለች ሚስትየው።

«ቆዩ» አለች መርማሪዋ። «አልቸኩልም።»

እውነትም አልቸኮለችም። ድምፅዋን ከጩኸቱ በላይ ለማድረግ እንኳ አልሞከረችም፤ ሰዎቹ ሊሰሟት ቀረብ አሉ።

«ዳኛውን የገደለው ሰው ሁለት ነገር ረስቷል፤ አንድ ነገር ግን አልረሳም። የኮርማው ግንባር ደም ሊኖረው እንደሚገባ ረስቷል። እንጨቱን መጣል እንዳለበት ረስቷል። በሩን መዝጋት ግን አልረሳም። ሰው ገድሎ፣ እጁ ደም ሆኖ፣ የገደለበትን እንጨት መልሶ ቀዳዳው ውስጥ አስገባው፤ በሁለት እንጨት በሩ ስለማይይዝ፣ ከብት ገብቶ የጥጃ ሳር ስለሚበላ። ይህ ዶክተራችሁ ሊሆን አይችልም። እሱ ሳይገድልም በር አይዘጋም።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አጥሩ ላይ አንድ ላም ተገፍታ ደረቷ ተቧጠጠ። ታናሽየው ጣቶቹን አጠላለፈ። መርማሪዋ እነዚያን ጣቶች ታያለች።

«መስኩ ውስጥ ትልልቅ ከብት ገብቷል። እበቱ ደረቅ ነው። የአማቹ ላሞች በየቀኑ ስለሚጠጡ እበታቸው ይፈሳል፤ የእነሱ አይደለም። ይህ ለሦስት ቀን ያልጠጣ ከብት እበት ነው። ማክሰኞ ለሦስት ቀን ያልጠጣ የማን ነበር? የማክሰኞ ተረኞች ከብት። ከአራቱ ቤቶች ሦስቱ ከረፋድ በፊት እርስ በርስ እየተያዩ አጠጥተዋል። አንዱ ነው የቀረው።»

«እኔም አጠጥቻለሁ» አለ ታናሽየው።

«ያጠጣ ሰው ላም በማግስቱ ወተቷ ይሞላል። ያንተ ሚስት ለእንግዳ ጡታቸው ባዶ ነው አለች። ጉድጓዱስ? ዛሬ ከልማዱ በላይ ስልሳ ባልዲ ሰጥቶ ገና አልነጠፈም። እናንተ ደስ ብሎት ነው ብላችሁ ሳቃችሁ። ሃያ ሁለት ከብት፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ባልዲ፤ ስልሳ ስድስት። ጉድጓዱ ትናንት ያልተቀዳበትን ነው ዛሬ የመለሰው።» ወደ አጥሩ ዞረች። «ይህን ሁሉ ግን ፍርድ ቤት ላይረዳልኝ ይችላል። ስለዚህ ሌሎች ምስክሮች አመጣሁ። ትናንት የጠጣ ከብት ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል። እነዚህንም እዩአቸው። ጊዜ አለን።»

ማየት ብቻ ሆነ። ከብቶቹ አራተኛ ቀናቸው ነው። ምላሳቸውን በእሾሁ መካከል ያሾልካሉ፤ ምላሳቸው ይደማል፤ ደማቸውን ይልሳሉ። የፍትሕ ሥራ ነው እየተባለ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ቆሞ ማየት የለመደ ሕዝብ ብዙ ነው፤ ይህኛውም መንደር ከሌላው አልተለየም። ቡሬ መልክ ያላት እርጉዝ ላም ጉልበቷ ከዳት። መጀመሪያ በፊት እግሮቿ፣ ቀጥሎ በጎኗ ወደቀች፤ ሌሎቹ ረገጧት።

«ክፈቱላቸው» አለ ታናሽየው። «እኔ ነኝ። ክፈቱላቸው።»

መርማሪዋ ሰዎቹ ገና እንዳይከፍቱ እጇን አነሳች። «ንገረን» አለችው።

በአጭሩ ተናገረ። ተራው እስኪደርስ ከብቶቹን ጥጃው መስክ አስገብቷቸው ነበር፤ ቡሬ ልትወልድ ስለተቃረበች ጥቂት እንድትበረታ። ሲዘገይባቸው ወንድሙ ፍለጋ መጡ፤ ደረሱበት።

«ተራህን አጥተሃል አሉኝ፤ የዛሬውንም የዓርቡንም። ወንድም ጋሼ፣ ላሟ እርጉዝ ናት፣ ትሞታለች አልኳቸው። ‹የወንድም ላም ከሰው ላም በምን ትበልጣለች?› ብለው በሩን ሊዘጉ ዞሩ። እንጨቱ እጄ ላይ ነበር።»

መርማሪዋ ቀኑን ሙሉ ያልገባት አንድ ነገር ነበር፤ አሁን ጠየቀችው። «ከሞቱ በኋላ ወደ ጉድጓዱ ብትሄድ ኖሮ ማንም አይጠይቅህም ነበር። ተራው ያንተ ነው። የፈረዱብህን የሰማ ሰው የለም። ለምን አላጠጣሃቸውም?»

ሰውዬው ጥያቄው እንዳልገባው ሰው አያት።

«ፈርደውብኝ ነበራ» አለ።

የአማቹ ገመድ ተፈታ። ሚስቱ የእጁን ቁስል አየች። ዳኛው ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው የረቡዕ ተረኞቹ ሽማግሌ ወደ እሷ ዞረ፤ ከዚያን ጊዜ በፊት በስሟም ጠርቷት አያውቅም። «ዳኝነቱ ከናንተ ቤት አልወጣም፣ ልጄ። ገንዳው ተሞልቷል። ምን እናድርግ?»

የአጎቷ ሚስት እግሯ ላይ ወደቀች። «ልጄ፣ እኔ አጥብቼሻለሁ። እናትሽ ታማ ሳለች ጡቴን ጠብተሻል። እሱን ይውሰዱት፤ ከብቶቹ ምን አደረጉ?»

ልጅቱ የአጎቷን እጆች አየች። ባሏን ምሰሶው ላይ ሲያስሩት ቋጠሮውን ያጠበቁት እነዚህ እጆች ነበሩ፤ አጎቷም ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ታስሮ ሲውል አይቶታል።

«አባቴ የፈረደውን አልሽርም» አለች። «የማክሰኞው አልፏል። የዓርቡም ቀርቷል። ሰኞ ይጠጣሉ።»

እስከ ሰኞ ስንቱ በእግሩ እንደሚቆም ሁሉም ያውቃል። የተቃወመ የለም፤ ፍርዱ ትክክል ነበር፣ ከብት በቀነሰ ቁጥርም ውሃው ለቀሪው ይበረክታል። የገንዳው ውሃ ለረቡዕ ተረኞች ከብት ተለቀቀ። ቀድሞ ጠጥተው ስለነበር አብዛኞቹ አሸተውት ሄዱ። የታናሽየውን ከብቶች በዱላ እየደበደቡ ወደ በረታቸው መለሷቸው።

መርማሪዋ ጣልቃ አልገባችም። ሕጉ የተጻፈው ስለ ሰው ነው፤ እሷም ጥማቱን ሥራውን ካሠራችው በኋላ ከዚያ በላይ አላስፈለጋትም። አዛዡ መኪናውን አስነሳ። ታናሽየው እጁ በካቴና ታስሮ ከኋላ ተቀመጠ፤ የገደለበት እንጨት በማስረጃነት ተጠቅልሎ እግሩ ሥር ተጋድሟል።

የከብቶቹ ጩኸት ከኋላቸው እየራቀ ሄደ።

«ቡሬ ተነሳች?» አለ ታናሽየው።

«አልተነሳችም» አለች መርማሪዋ።

ራሱን ነቀነቀ። የጥጃው መስክ በቀኝ በኩል ሲታይ አንገቱን አስግጎ በሩን አየ፤ ከዚያ ወደ እግሩ ሥር አጎነበሰ።

«ይህን ስትወስዱት በቦታው ሌላ አላስገባችሁም እንዴ?» አለ። «በሁለት እንጨት እኮ አይይዝም። ከብት ገብቶ የጥጃዎቹን ሳር ይጨርሰዋል።»